ሦስት መቶ ግራም

ከወታደር ቤት የተሰናበትኩት ወፍረሻል ተብዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ባለፈው ዓለም ባንክ ታክሲ መያዣው ጋ አንድ የሩቅ ዘመዴ አገኘኝና «ምን አጥፍተሽ ነው ያባረሩሽ?» አለኝ። «ወፈርኩ» አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አለቃሽን መትተሽ ነው?» አለ። ምነው መትቼ በነበር! አለቃውን የመታ ወታደር ቢያንስ ለልጁ የሚያወራው አለው።

አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ጠመንጃ ይዤ ብዙ አልሄድኩም፤ የማርሽ ባንድ ውስጥ ታምቡር መቺ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ቀራንዮ ነው። ትምህርት አልገባ አለኝና አሥረኛ ክፍል ላይ ቀረሁ። ልጅ ሆኜ እጄ አያርፍም ነበር። ባልዲውን፣ ወንበሩን፣ የአጥሩን ቆርቆሮ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እደበድባለሁ። እናቴ «እጅሽ ይቆረጥ! የምን ልክፍት ነው?» እያለች ስትጮህብኝ ነው ያደግኩት። ወታደር ቤት ግን ያንን እጅ ፈለገው። ሰልፍ ስንወጣ ከኋላችን የሚመጣው ስንትና ስንት እግር የሚነሳውም የሚያርፈውም በኔ እጅ ነው። እኔ ከሳትኩ እነሱም ይስታሉ። እንዲህ ያለውን ነገር አንዴ የቀመሰ ሰው ሌላ ሥራ አይጥመውም። እኔ ደግሞ ሌላ ሥራም አላውቅ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረግኩትን የሰማ ሰው «ምን ነክቷት ነው?» ማለቱ ስለማይቀር ነው።

ከዛሬ አምስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄን በስምንት ወሬ፣ ሞቶ ወለድኩት። ሐኪሞቹ በእትብቱ ታንቆ ነው አሉ። የሐኪም ቃል በእናቴ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። «አጥንት ብቻ የሆነች ሴት ምን ልጅ ታኖራለች? እየሮጠች፣ እየተራበች፣ ያንን ታምቡር ሆዷ ላይ ጭና!» አለች። እርጉዝ ሆኜ ታምቡር አልያዝኩም፣ ቢሮ ነበር ያስቀመጡኝ። ግን እናቴን ማን ያስረዳ። ባሏን ገና በወጣትነቷ የቀበረች፣ ከኔ ሌላ ማንም የሌላት ሴት ናት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ የምንኖረውም እሷው ግቢ ውስጥ ነው። ሁለተኛዋን ሳረግዝ እሱንም እኔንም ሳታማክር «ይቺን ግን አላስወስድም» ብላ ወገቧን አሰረች።

በጥቅምት ሴት ልጅ ወለድኩ። ከዚያ ሰማንያ ቀን፣ እስከ ክርስትናዋ ድረስ፣ ከአልጋ ወርጄ አላውቅም ማለት ይቀላል። ጠዋት ገንፎ፣ መሃሉ ቅቤ ተሞልቶ። ረፋድ ላይ አጥሚት። ምሳ ዶሮ ወይ የበግ ቅቅል። አሥር ሰዓት ሲል ደግሞ አጥሚት። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ጴንጤዋ ጎረቤታችን እንኳ በማርያም ባይመርቁም በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ በሳህን ይዘው መጥተው ጸልየውልኝ ሄደዋል። «በቃኝ» ብሎ ነገር የለም። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» «ለሆድሽ መሰለሽ? ለጡትሽ ነው እኮ!» እያሉ ያጎርሱኛል። አንዷ ጉርሻ ታጣላለች ብለው ሁለተኛዋን ያስከትላሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ተገድጄ ብቻ አይደለም የበላሁት። ጣፈጠኝ። የካምፕ ወጥ ያሰለቸው ሰው እንዴት አይጣፍጠው? ደግሞም ወተቴ! ልጄ ስትጠባ ጉልጉል የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር፤ ከአፏ ተርፎ በአንገቷ ይወርዳል። ሌሊት አንሶላው ይረጥባል። እናቴ የራሰውን አንሶላ ለጎረቤት እያሳየች «እዩት እስቲ! ላም ናት እኮ!» ትላለች። የሞተ ልጅ ታቅፌ ወጥቼ ነበር ያኔ ከሆስፒታል፤ አሁን ልጄ ወተት በዝቶባት ትን ይላታል። ታዲያ ለምን አልበላም?

ሰውም የሚለኝ «አማረብሽ! ሥጋ ለበስሽ!» ነው። እኛ ዘንድ ወፈርሽ ማለት ምርቃት ነው። እኔም አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ጥር ላይ ወደ ካምፕ ተመለስኩ። የሰልፍ ሱሪዬ ከጭኔ አላልፍ አለኝ። የባንዳችን አዛዥ ሻምበል ሴት ናት፣ እሷም የሁለት ልጆች እናት። ክፉ ብትሆን ጥሩ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ሚዛን ላይ አቆመችኝና ሰማንያ አንድ ኪሎ ሆንኩ።

«ለቁመትሽ ከሰባ ማለፍ አይፈቀድም» አለችኝ።

ሰልፍ የሚወጣ ሰው ቁመናው በመመሪያ የተወሰነ ነው። ከልኩ ያለፈ ሰው ሦስት ወር ይሰጠዋል፤ መሃል ላይ አንዴ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ይመዘናል፤ ካልደረሰ ይሰናበታል። «ሻምበል፣ ሌላ ክፍል ያዛውሩኝ። ወጥ ቤትም ቢሆን እሠራለሁ» አልኳት።

«ሳትነግሪኝ ጠይቄልሻለሁ። ቦታ የለም አሉኝ። ሦስት ወር እኮ ብዙ ነው፣ አይዞሽ።»

እኔም ብዙ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ደረቴን በነጠላ ጠፍሬ፣ ወደ ሳንሱሲ አቅጣጫ ሮጥኩ። ጡቴ ወተት ሞልቶ እየከበደኝ፣ በየእርምጃው እያመመኝ። ወደ መድኃኔዓለም የሚሄዱ አሮጊቶች ቆመው አማተቡብኝ። «ኧረ ያራስ ገላ! ብርድ ይገባሻል!» አሉኝ። «ሰማንያ ቀኔን ጨርሻለሁ» ስላቸው አንዷ «መቶስ ቢሆን? ያበደች!» ብለው ምርኩዛቸውን አነሱብኝ።

ማታ ማታ ከካምፕ ስመለስ ዓለም ባንክ ላይ ከታክሲ እወርዳለሁ። እዚያ መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡ አንድ እናት አሉ። በየቀኑ እሳቸው ሚዛን ላይ እቆም ነበር። እሳቸው ዘንድ የሚመዘን ሰው፣ ወይ ከሕመም ተነስቶ ነው ወይ «ከሳሁ እንዴ?» ብሎ ሰግቶ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ያዩና «አይዞሽ ልጄ፣ ምንም አልቀነስሽም፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ይሉኛል። አንጀቴ ቅጥል ይላል። ግን ምን እላቸዋለሁ? «አሜን» ብዬ እሄዳለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ደስ አለኝ። የምታጠባ ሴት ትጹም የሚላት የለም፤ እኔ ግን ምክንያት አገኘሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግማሽ እንጀራ በሽሮ እበላለሁ። ከእናቴ ጋር ብዙ ተጨቃጭቀን በአንድ ነገር ብቻ ተስማማን፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይና ማታ አንዳንድ ኩባያ ቀጭን የአጃ አጥሚት እንድጠጣላት። «ውኃ ነው እኮ፣ አጃውን አሳይቼው ነው የማወጣው። ለወተትሽ እንጂ ላንቺ መች ይሆናል!» አለች። እሺ አልኩ። የዘጠኝ ሰዓቱን በፔርሙዝ ቋጥራ ትሰጠኛለች፣ ካምፕ ውስጥ እጠጣዋለሁ። ይጣፍጣል። የራበው ሰው ምን የማይጣፍጠው አለ ብዬ አለፍኩት።

የመሃሉ ምዘና መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነበር። ሰባ ስምንት ኪሎ። ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ ጾም፣ ሦስት ኪሎ! ሻምበሏ ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እየበላሽ ነው» አለችኝ።

«በማርያም አልበላም!»

«ማርያምን አትጥሪያት። ሚዛን አይዋሽም።»

ያን ቀን ከታክሲ ወርጄ ሚዛኑ ጋ አልሄድኩም። ቤት ስገባ እናቴ ልጄን ጎረቤት አስይዛ ቅዳሴ ሄዳለች። የልጄን ልብስ ላጥብ ብዬ ሳሙና ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ከዱቄቱ በርሜል ኋላ እጄን ስሰድ ቆርቆሮ ነካሁ። አወጣሁት። የዱቄት ወተት፣ ከግማሽ በላይ ያለቀ። አጠገቡ በላስቲክ የተቋጠረ የተፈጨ ለውዝና ስኳር።

ሁዳዴ ላይ! እናቴን ማወቅ ያስፈልጋል። ጾም ሲገባ የሥጋ ቢላዋውንና የወጥ ድስቱን በአመድ አሽታ አጥባ ከቤት የምታወጣ ሴት ናት። በጾም ቀን እንቁላል የነካች እጅ ዳቦ እንዳትነካባት የምትጮህ። ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ስትገባ አየችው። አልደነገጠችም። ነጠላዋን አውልቃ አጣጥፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አዎ» አለች።

«ጾሜን አስገደፍሽኝ!»

«አንቺ አልገደፍሽም። ሳታውቂ የጠጣሽው ነው። ኃጢአቱ የኔ ነው፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬያለሁ። ስግደት ሰጥተውኛል።»

ጠዋት ጠዋት ከመጋረጃው ኋላ ስትሰግድ እሰማት ነበር። ጉልበቷ ሲንቋቋ፣ «እግዚኦ» ስትል፣ እጇን አልጋው ላይ ደግፋ ስትነሳ። ዘንድሮ ስግደቷ በረታ ብዬ አስቤም ነበር። ለካ ለእያንዳንዱ ኩባያ ነው። ሪህ ያለባት ሴት ናት፣ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ታቃስታለች። ይህን ሳውቅ ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። ዓይኔ ጠቆረ።

«የመጀመሪያ ልጄን እግዜር ወሰደው፣ ሥራዬን ደግሞ አንቺ!» አልኳት። «ከሱ የባስሽ አንቺ ነሽ!»

አፌ ምነው በተሰነጠቀ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወስዳ አፏ ላይ ያዘች። ተነስታ ቆርቆሮውን ወሰደችና ሽንት ቤት ሄዳ ደፋችው፤ ሲደፋ ሰማሁት። ከዚያ ቀን በኋላ አንዴም «ብዪ» ብላኝ አታውቅም። ጠዋት ስወጣ ፔርሙዝ የለም፤ ማታ ስገባ ምግቡ ተከድኖ ይቆየኛል፤ ብበላም ባልበላም ዞር ብላ አታይም። አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ ለኔ ብለሽ የሚባልበት ቤት ጭር አለ። እኔ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

እሷ ዝም ብትልም ለንስሐ አባታችን መናገሯ አልቀረም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት መጡ። ልጄን አቅፈው ባረኳት፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የምታጠባ ሴት ጾሟ ማጥባቷ ነው። ከሕፃን አፍ ነጥቀሽ ጹሚልኝ ያለ አምላክ የለም። ከዛሬ ጀምሮ እንድትበዪ አዝዤሻለሁ።»

«እሺ አባ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። አልበላሁም። የምጾመው ለእግዚአብሔር እንዳልሆነ እሳቸውም ያውቁታል፤ ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

ለባለቤቴ ስልክ ደወልኩለት። በረሃ ላይ ነበር፣ መስመሩ ይቆራረጣል። «ምን አጨቃጨቀሽ? ተይውና ቤትሽ ቁጭ በይ፣ እኔ አለሁ አይደል!» አለኝ። እሱ አለ። እኔ ግን የለሁማ። እሱን እንዴት አድርጌ በስልክ እነግረዋለሁ? ዘጋሁበት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እርስ በርስ ይምታቱብኛል። ጠዋት ሩጫ፣ ካምፕ፣ ማታ ሩጫ። ምግቤ አንድ እፍኝ ቆሎና ውኃ ነው። ደረጃ ስወጣ ግድግዳ እይዛለሁ። ልምምድ ላይ የታምቡር ዱላው ከእጄ ወደቀ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ወድቆብኝ አያውቅም። ግን ኪሎው ወረደ! ሰባ ስድስት። ሰባ አምስት። ሰባ ሦስት ተኩል። የዓለም ባንኳ እናት መጀመሪያ «ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ፣ ቆይተው «ታመሽ ነው? ሐኪም ታይተሻል?» አሉ። በመጨረሻ አንድ ቀን ስመጣ ሚዛኑን ከፊቴ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ካሁን በኋላ አንቺን አልመዝንም። ሞትሽን አልቆጥርልሽም» አሉኝ። ተሳድቤ ሄድኩ። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት መንገድ ላይ ተሳደብኩ።

ልጄ አምስት ወር አልፏታል። ጡቴን ትይዝና ትስባለች፣ ትስባለች፣ ከዚያ ለቃ ፊቷን አጨማዳ ትጮኻለች። ደግማ ትይዛለች። ጉልጉል የሚለው ድምፅ ከቀረ ሰንብቷል። ቀን እኔ ሳልኖር እናቴ አጃ በስኳር እየበጠበጠች ነበር የምታቆያት። «ጥርስ ልታወጣ ነው» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የምለው። እናቴ ልጄን ተቀብላኝ፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ድዷን ዳሰሰችና መለሰችልኝ።

ክብደቷ የሚታይበት ቀን ደርሶ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ መዘነቻት፣ ካርዷ ላይ ምልክት አደረገች፣ ካለፈው ምልክት ጋር በመስመር አገናኘችው። መስመሩ ወደ ታች ሄደ። ወደ ላይ ብቻ ነበር ሲሄድ የኖረው። ነርሷ ወጣት ናት፣ ተቆጣች።

«አንቺ ምን ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«እስቲ ቀና በይ። ራስሽን በመስተዋት አይተሽዋል? ወተትሽ እየደረቀ ነው። ዛሬውኑ ብዪ፣ ጠጪ፣ በየሁለት ሰዓቱ አጥቢያት። ቆይ ነገ ካልሽ አይመለስም። ሰምተሽኛል?»

ሰምቻታለሁ። ቃል በቃል ሰምቻታለሁ። የመጨረሻው ምዘና ግን ሐሙስ ነበር፣ ያ ቀን ደግሞ ሰኞ ነው። ሦስት ቀን። እኔ ሰባ ሁለት ኪሎ ነኝ። ታክሲ ውስጥ ልጄን ታቅፌ፣ እሷ ጣቷን እየጠባች፣ እኔ በጭንቅላቴ ሳሰላ መጣሁ። ሦስት ቀን ነው፣ ከሐሙስ በኋላ ገንፎም ቢሆን ምንም ቢሆን እበላለሁ፣ ወተቱም ይመለሳል። ሦስት ቀን ምን አላት? ከመድኃኒት ቤት የሕፃን ወተትና ጡጦ ገዝቼ ገባሁና ለእናቴ ሰጠኋት። «እስከ ሐሙስ ድረስ ብቻ» አልኳት። ተቀበለችኝ። ጡጦውን ልትቀቅል ጓዳ ገባች።

ለልጄ ብዬ ነው እል ነበር። እናቷ ሥራ ያላት፣ ሰው የሆነች እንድትሆንላት ነው እያልኩ። ውሸት ነው። ለራሴ ነው። ያለዚያ ታምቡር እኔ ማን እንደሆንኩ ስለማላውቅ፣ ፈርቼ ነው። ልጄ እየራባት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። ይህን ለንስሐ አባቴም በዚህ ልክ አልተናገርኩም።

ማክሰኞና ረቡዕ ውኃም አልጠጣሁም። ከልብሴ ሥር ላስቲክ ለብሼ ሮጥኩ። ምራቄን ሳይቀር እተፋ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ካምፕ ስደርስ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ መሬቱ እየዞረብኝ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ሻምበሏና እኔ ብቻ ነን። ጫማዬን አወለቅኩ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

ሰባ ነጥብ ስምንት።

«ልብስሽን አውልቂ» አለችኝና በሩን ቆለፈችው። አወለቅኩ። ጉትቻዬን፣ ቀለበቴን፣ የፀጉር ማስያዣዬን። በውስጥ ሱሪ ብቻ ቆምኩ። እጄ ወደ ማተቤ ሲሄድ «እሱን ተይው» አለች። ሰባ ነጥብ ሦስት። ሦስት መቶ ግራም። ሻምበሏ መዝገቡን ይዛ ቁጥሩን ደግማ አየች። ከዚያ ፊቷ ፈካ፣ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው።

«አንቺ! እያጠባሽ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ሆንሽ!» መደርደሪያው ላይ ካለው ኩባያ አንዱን አንስታ እጄ ላይ አደረገችው። «መታጠቢያ ቤት ግቢና ሁለቱንም ጡትሽን አልቢ። ጠዋት አይደል፣ ሞልቶ ነው የሚሆነው። እኔ ሁለተኛዬን ያጠባሁ ጊዜ ሙሉ ኩባያ አልብ ነበር፣ ያ ብቻውን ይበቃሻል። አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ እጠብቅሻለሁ። አለፍሽ እኮ!»

በደስታ ጀርባዬን መታ አደረገችኝ። ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ግራውን ጨመቅኩ። ቀኙን ጨመቅኩ። ጡቶቼ እንደ ባዶ ከረጢት ናቸው፤ ጣቴ ውስጡ የሚይዘው ነገር አያገኝም። እናቴ አራስ ሳለሁ እንዳሳየችኝ ከላይ ወደ ታች አሸሁ፤ ገፋሁ፤ ቆነጠጥኩ። ቆዳዬ ቀላ። ከቀኙ አንድ ጠብታ ወጣች፣ ነጭ እንኳ አይደለችም፣ ውኃ ናት፤ ከጡቴ ጫፍ ሳትወድቅ እዚያው ደረቀች። ኩባያው ውስጥ ምንም የለም። ለሦስት መቶ ግራም ብዬ ያደረቅኩት ያንኑ ሦስት መቶ ግራም ነው። ላጠባው የነበረ፣ በሌሊት አንሶላ ያረጥብ የነበረ። ማልቀስ ፈለግኩ። እንባም የለም፤ ሁለት ቀን ውኃ ያልጠጣ ሰው ከየት ያመጣል? አፌን ከፍቼ ያለ ድምፅ ተንሰቀሰቅኩ። ሻምበሏ ከውጭ «እየወጣልሽ ነው?» ትለኛለች።

ስወጣ መጀመሪያ ኩባያውን አየችው።

«ደፋሽው?»

«የለኝም» አልኳት።

«ምን የለሽም?»

«ወተት። ደርቋል።»

ኩባያውን ከእጄ ወሰደችና ቦታው መለሰችው። ካፖርቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋልኝ፣ ዞራ መዝገቡ ላይ ሰባ ነጥብ ሦስት ብላ ጻፈች። ስትጽፍ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ለብሼ እስክጨርስ ፊቷን አልመለሰችም። የስንብት ደብዳቤው የደረሰኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያለቀው ግን እዚያው ነው።

ቤት ስገባ ገና ሰባት ሰዓት አልሆነም። እናቴ በር ላይ ወንበር አውጥታ ልጄን ታቅፋ ፀሐይ ታሞቃታለች። ፊቴን አይታ አወቀችው። ውኃ አመጣችልኝ፣ አንድ ጆግ ሙሉ ቆሜ ጠጣሁ። ከዚያ «አምጫት» አልኳት። ልጄን ተቀብዬ ተቀመጥኩና ሸሚዜን ከፈትኩ። አፏን ከፍታ መጣች፤ የለመደችውን ታውቃለች። አንዴ ሳበች። ደግማ ሳበች። ለቀቀችኝና ቀና ብላ አየችኝ። ሌላኛውን ሰጠኋት፤ አልያዘችውም፣ ፊቷን አዞረች። ጭንቅላቷን ይዤ ወደ ደረቴ መለስኩት። «እናትሽ ነኝ፣ ጥቢ፣ አፈር ስሆን ጥቢ» አልኳት። በሁለት እጇ ገፋችኝና ጮኸች።

እናቴ ጓዳ ገብታ ጡጦውን ስትነቀንቅ ልጄ ድምፁን ሰማችና ዝም አለች። እጆቿን ወደዚያ ዘረጋች። ለእናቴ ሰጠኋት።